አዲስ የመረጃ ቋት ከንጹሕ አብነት ስለ መክፈት

የማሳው ወሰንና ስፋት፤ የባለይዞታውም ስም በትክክል ተመዝግቦ የተገኘ እንደ ሆነ የወሰን ክርክር ይቀንሳል። ይህ መዝገብ ዛሬ ከወረቀት ሌላ በኮምፒዩተር ውስጥ ዳታቤዝ በሚባለው የመረጃ ቋት ይጻፋል። ሹማምንትም ሥራውን በእጃቸው ባይሠሩት እንኳ የቋቱን አከፋፈት ሊያውቁ ይገባል፤ አከፋፈቱ የተበላሸ እንደ ሆነ በውስጡ የሚጻፈው ሁሉ ይበላሻልና።

ለዚህ ሥራ ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ ፖስትግሬስኪውኤል ነው። መሠረቱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1986 በበርክሌይ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተጣለ፤ የዛሬውንም ስም በ1996 አገኘ። ይህ መሣሪያ አዲስ ቋት የሚከፍተው ቀድሞ ከተዘጋጀ አብነት እየገለበጠ ነው። አብነቶቹም ቴምፕሌት አንድና ቴምፕሌት ዜሮ ይባላሉ። መሣሪያው ሲተከል የሁለቱ ይዘት እኩል ነው። ነገር ግን ቴምፕሌት አንድ ክፍት ስለ ሆነ ሠራተኛው ሰንጠረዥ ሊጨምርበት ይችላል፤ የተጨመረውም ከዚያ ወዲህ ከእርሱ በሚገለበጡት ቋቶች ሁሉ ይገባል። ቴምፕሌት ዜሮ ግን ማንም እንዳይገባበት ተዘግቶ ይኖራል። ከፋቹ አብነቱን በስም ካልጠራ የሚገለበጠው ቴምፕሌት አንድ ነው።

ጉዳቱ በምሳሌ ይታያል። አንድ ጸሓፊ ለልምምድ ብሎ ይዞታ የሚባል ሰንጠረዥ በቴምፕሌት አንድ ውስጥ ሠርቶ የሙከራ ስሞች ጻፈበት እንበል። ኋላ ለወረዳው አዲስ ቋት ሲከፈት እነዚያ ስሞች አብረው ይገኛሉ። የቀድሞው መዝገብ መጠባበቂያ ቅጂ በዚህ ቋት ሲመለስ መሣሪያው ሰንጠረዡ አስቀድሞ አለ ብሎ ስሕተት ያሳያል፤ ዓምዶቹም የተስማሙ እንደ ሆነ እውነተኛው ስም ከሙከራው ስም ጋር ሊደባለቅ ይችላል። እንክርዳድ ያለበትን ዘር የዘራ ገበሬ እንክርዳዱን በማሳው ሁሉ እንደሚያገኘው ነው።

ሁለተኛው ነገር የፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ገብቷል፤ ዩቲኤፍ 8 የሚባለው ሥርዓትም ይቀበለዋል። በላቲን 1 የተከፈተ ቋት ግን የባለይዞታውን ስም በፊደላችን አይቀበልም፤ የተከፈተውንም ቋት ሥርዓት ኋላ መለወጥ አይቻልም። ቴምፕሌት አንድ በሌላ ሥርዓት የተሠራ እንደ ሆነ የዩቲኤፍ 8 ቋት ከእርሱ አይገለበጥም፤ ከቴምፕሌት ዜሮ ግን ይገለበጣል።

ስለዚህ ሹሙ የሚከተለውን ያስፈጽም።

1ኛ፤ ከፋቹ በትእዛዙ ውስጥ ቴምፕሌት ዜሮንና ዩቲኤፍ 8ን በስም ይጥራ፤ ከፊደሉ ጋር የሚስማማውንም የቋንቋና የአገር ቅንብር ይጨምር።

2ኛ፤ ቋቱ የሥራ ሰንጠረዥ የሌለበት ባዶ መሆኑ ይመርመር።

3ኛ፤ መጠባበቂያው ከተመለሰ በኋላ የመስመሩ ቍጥር ከቀድሞው መዝገብ ጋር ይተያይ፤ ጥቂት ስሞችም በፊደላችን በትክክል መነበባቸው ይታይ።

የተሳሳተ መስመር በመዝገብ የቀረ እንደ ሆነ ገበሬው በዳኛ ፊት ማስረጃ ያጣል። ሹሙ ይህን ሳያስመረምር አዲስ ምዝገባ እንዲጀመር አይፍቀድ።