የወለድነውንና የተቀበልነውን ልጅ በእኩል ስለ ማሳደግ

ወላጅ ያጣ ሕፃን ወደ ቤቱ የሚያስገባ ሰው በዚያ ቀን ከብዙዎች ምስጋና ይቀበላል። ነገር ግን እውነተኛው ፈተና በመቀበያው ቀን አይመጣም። ፈተናው የሚመጣው ከማኅፀን የተወለደ ሌላ ሕፃን በአጠገቡ የተኛ እንደ ሆነ ነው። ይህን የምጽፈው ከሌላ ሰምቼ አይደለም፤ በገዛ ቤቴ አይቼው፥ በገዛ ጥፋቴም ተምሬው ነው።

እኔና ባለቤቴ ዘጠኝ ዓመት ያለ ልጅ ኖርን። ከዚህ በኋላ እናቷ የሞተችባትን የሁለት ወር ሴት ልጅ በፍርድ ቤት ፈቃድ ተቀበልን። ብዙም ሳይቈይ ባለቤቴ ፀነሰች፤ ልጅቱ ተይዛ መቆም ስትጀምር ወንድ ልጅ ተወለደልን። ጎረቤቶች ተሰብስበው እንደ አገራችን ልማድ ለወንድ ሰባት ጊዜ እልል አሉ፤ ገንፎም ተበላ። ልጅቱ ወደ ቤታችን በገባች ቀን ግን እልል ያለላት አልነበረም። በዚያው ሰሞን አክስቴ «እንግዲህ የራሳችሁን አገኛችሁ፤ ያችን ለእናቷ ወገኖች መልሱ» አሉኝ። እኔም ዝም አልሁ። ዝምታዬ ታላቅን ማክበር መስሎኝ ነበረ፤ ዳሩ ግን ቃላቸውን መቀበል ነበረ።

ሕፃኑ በተወለደ በሁለተኛው ወር ልጅቱ ሌሊት ሌሊት ታስል ጀመር። እርሱ ጥቂት ባቃሰተ ጊዜ ከእንቅልፌ እነቃ ነበረ፤ እርስዋ ስታስል ግን «ጉንፋን ነው፤ ይለቃታል» እያልሁ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞር ነበረ። በሦስተኛው ሌሊት ባለቤቴ መብራት አብርታ አየቻት። ትንፋሿ እጅግ ፈጥኖ ነበረ፤ አየር በሳበች ቍጥርም የደረቷ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ይገባ ነበረ። ይህ በሕፃን ላይ የብርቱ የሳንባ ምች ምልክት ነው፤ ለነገ የሚባል አይደለም። በዚያው ሌሊት ወደ ሐኪም ቤት ይዘናት ሄድን። መዝጋቢው «ልጅህ ናትን?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም «የማሳድጋት ናት» አልሁት። ባለቤቴ ግን ከኋላዬ «ልጃችን ናት» ብላ መለሰች። ልጅቱ በመድኃኒት ዳነች፤ የእኔ መልስ ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

እንግዲህ በዚያ ዓመት የተማርነው ይህ ነው።

፩ኛ፤ ፍቅርህን በልብህ ስሜት ብቻ አትመዝነው፤ እጅህ የሚሠራውን ተመልከት። የወለድኸው ሲያለቅስ እግርህ ሳይታዘዝ ይሮጣል፤ ለሌላው ግን በመጀመሪያ ልታዝዘው ይገባል። ሕፃን እስከ ስድስት ወር ድረስ ከእናት ጡት በቀር ውኃም እንኳ ስለማያስፈልገው፥ የባለቤቴ እጅ በእርሱ ተይዞ ነበረ። ስለዚህ የልጅቱ ምግብ፥ እጥበትና መኝታ የእኔ ሥራ ሆነ። በመጀመሪያ እንደ ግዴታ አደረግሁት። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ከደጅ ስገባ እጆቿን ወደ እኔ ትዘረጋ ጀመር፤ የእኔም ልብ እጄን ተከትሎ መጣ።

፪ኛ፤ ታላቂቱ ራስዋ ገና ሕፃን መሆንዋን አትርሳ። ወንድምዋ ሲጠባ ታለቅስና እግሩን ትነክስ ነበረ። የዓመት ልጅ ክፋት አታውቅም፤ የምታውቀው ጭኑ እንደ ተወሰደባት ብቻ ነው። ባለቤቴም ሳትቈጣ ሁለተኛውን ጡት ሰጠቻት። ወተት በተጠባ መጠን ስለሚጨምር ለሁለቱም በቃ። አባቶቻችን የሌላውን ልጅ ልጃቸው ሲያደርጉ ማር የተቀባ ጣት ወይም ጡት ያጠቡት ነበረ፤ የጡት ልጅ የተባለውም ስለዚህ ነው። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ደግሞ ከኦሮሞ ወገኖቻችን ሥርዐት ወደ ሕጋችን ገብቷል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ የጉዲፈቻን ልጅ እንደ ተወለደ ልጅ ይቈጥረዋል፤ ተቀባዩም «ወለድሁ» ብሎ ሊመልሰው አይችልም።

፫ኛ፤ «እርስዋን ስለ ተቀበላችሁ እግዚአብሔር የራሳችሁን ሰጣችሁ» የሚል ወዳጅ በቅን ልብ ይናገር ይሆናል። ነገር ግን ይህ ቃል አንዲቱን ልጅ የሌላው መግዣ ያደርጋታል። ወንድምዋ ባይወለድ ኖሮስ ዋጋዋ ያንስ ነበርን?

፬ኛ፤ እውነቱን አትሸሽግ። ከወላጅ አፍ በፍቅር ያልሰማችውን ልጅ አንድ ቀን ጎረቤት በጠብ ይነግራታል። እኛ ገና ቃል ሳታውቅ ስለ ወለደቻት እናት እንነግራት ጀመር፤ የእናቷንም ስም በቤታችን በክብር እንጠራለን። ሙሴ በፈርዖን ልጅ እጅ አድጎ ወገኖቹን አለመርሳቱን አስብ።

ልጁ ዓመት በሞላው ጊዜ አክስቴ ለእርሱ ብቻ አንድ ነጠላ ላኩ። ባለቤቴ ነጠላውን ከመካከሉ ቀድዳ ሁለቱንም አለበሰቻቸው። እኔም ወደ አክስቴ ቤት ሄድሁና «እማማ፥ በቤታችን ሁለት ልጆች አሉ» አልኋቸው። ይህን ቃል ልናገረው የሚገባኝ አንድ ዓመት አስቀድሞ ነበረ።

አንተም አንባቢ ሆይ፥ እንዲህ ያለ ቤት ካለህ የሰው ምስጋና አያታልልህ። ሁለቱ በአንድ ሌሊት ቢያለቅሱ እግርህ ወደ ማን እንደሚሮጥ፥ ፊትህንም ከማን እንደምታዞር ራስህን መርምር።