ስለ ጎተራ አጠባበቅ፤ ነቀዝንና አይጥን ስለ መከላከል የተሰጠ ትምህርት

ከደጀን በብቸና አልፎ ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ደብረ ወርቅና በዙሪያዋ ያለው የእናርጅ እናውጋ አገር ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላና ሽምብራ የሚበቅልበት ደጋ ነው። ገበሬው አጭዶና ወቅቶ እህሉን ወደ ቤቱ ካስገባ በኋላ ድካሙ የተፈጸመ ይመስለዋል። ነገር ግን በእርሻ ላይ ከሚጠፋው ሌላ በጎተራ ውስጥ የሚጠፋው እህል ጥቂት አይደለም።

ጉዳቱም የተበላው ፍሬ ብቻ አይደለም። ነቀዝን የፈራ ገበሬ እህል በረከሰበት በጥር ሸጦ፣ በተወደደበት በሐምሌና በነሐሴ መልሶ ይገዛል፤ ዘሩን ነቀዝ የበላበትም ሰው ለመዝራት ይበደራል። ስለዚህ ይህ ጉዳይ ለቤት እመቤት ብቻ የሚተው ሳይሆን አገር የሚያስተዳድር ሹምና ባለ መሬት ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ነው።

1ኛ፤ የነቀዝ ጠባይ

ብዙ ሰው ነቀዝ ከእህሉ ከራሱ የሚፈጠር ይመስለዋል፤ ይህ ስሕተት ነው። ሴቲቱ ነቀዝ የስንዴውን ወይም የበቆሎውን ፍሬ በአፏ ቦርቡራ ዕንቁላሏን ታገባና ቀዳዳውን መልሳ ትደፍነዋለች። ትሉ በፍሬው ውስጥ ተሸሽጎ እየበላ ያድጋል፤ ሙቀት ባለበት አገር በ5 ሳምንት ያህል ጎልምሶ ፍሬውን በስቶ ይወጣል። አንዲቱ ነቀዝ እስከ 300 ዕንቁላል ልትጥል ትችላለች። እንግዲህ ነቀዙ በዓይን በታየ ጊዜ ጉዳቱ ከተጀመረ ሰንብቷል ማለት ነው። የሽምብራ ነቀዝ ግን ዕንቁላሉን በፍሬው ቆዳ ላይ ስለሚያጣብቅ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይታያል።

የደጋው ብርድ እርባታውን ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም። ከዓባይ ቆላ የሚወጣው በቆሎና ማሽላም ነቀዙን ይዞ ሊመጣ ይችላልና፣ ከገበያ የተገዛ እህል ሳይመረመር ከቤት እህል ጋር መደባለቅ አይገባም።

ጤፍ ፍሬው እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ ትሉ በውስጡ ሊያድግ አይችልም። ገበሬዎችም ይህን ከጥንት ጀምረው በማስተዋል ባቄላን ወይም በቆሎን ከጤፍ ጋር ደባልቀው ያኖራሉ። ጤፉ በትልልቁ ፍሬ መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላ ነቀዙ መተላለፊያ ያጣል፤ በሚፈለግበትም ጊዜ በወንፊት ይለያል። ይህ ልማድ ያለ ገንዘብ የሚሠራ ስለ ሆነ ሊመሰገንና ሊስፋፋ ይገባዋል።

2ኛ፤ እህሉ ከመግባቱ በፊት የሚደረግ ሥራ

ነቀዝ የሚሸነፈው ጎተራው ከመሞላቱ በፊት ነው። አሮጌው እህል ተጠርጎ ይውጣ፤ ስንጥቁ ሁሉ ተፍቆ በጭቃና በእበት ይለቅለቅ፤ ፈጽሞም ይድረቅ። አሮጌ ጆንያ በፈላ ውኃ ተቀቅሎ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። አዲስ እህል በአሮጌ እህል ላይ ከቶ አይፍሰስ።

እህሉ መድረቁን ለማወቅ በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት እህልና ጥቂት ደረቅ ጨው ጨምሮ መነቅነቅ ነው። ጨው በጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነውና እንደገና ይሰጣ። እርጥብ እህል ነቀዝን ብቻ ሳይሆን ሻጋታንም ያመጣል፤ የሻገተም እህል ሰውንና ከብትን ይጎዳል።

በዛሬ ጊዜ አየር የማያስገባ ድርብ ከረጢት ይሸጣል። አፉ ጠብቆ ሲታሰር በውስጡ ያለው ነቀዝ አየሩን ጨርሶ ያልቃል፤ መርዝም አያስፈልገውም። ነገር ግን እህሉ ደረቅ፣ ከረጢቱም ያልተቀደደ ሊሆን ይገባል።

3ኛ፤ ስለ አይጥ

አንዲት ትልቅ አይጥ በቀን 20 ግራም ያህል እህል ትበላለች፤ በሽንቷና በኩሷ የምታበላሸው ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ጎተራው ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በእግር ላይ ይቁም፤ በእያንዳንዱም እግር ላይ የቆርቆሮ ቆብ ይደረግ። በአጠገቡ ያለው ሣርና ጭራሮ ይነሣ፤ የተጠጋ ግድግዳ ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ ካለ አይጧ በዚያ ትዘላለችና ይራቅ። ድመት ማኖርም መልካም ረዳት ነው።

4ኛ፤ ስለ ቤትና ስለ ጓሮ

የቁንጫ ዕንቁላል በወለሉ አቧራ ውስጥ ይፈለፈላልና ቤቱን አዘውትሮ መጥረግ፣ ወለሉን መለቅለቅ፣ መኝታውንም ፀሐይ ላይ ማስጣት ያስፈልጋል። ትኋን በመደብና በአልጋ ስንጥቅ ስለሚሸሸግ የፈላ ውኃ አፍስሶ ስንጥቁን መድፈን ነው። የጎመንን ቅጠል የሚመጥጠው ጥቃቅን ተባይ በሳሙና ውኃ ከቅጠሉ በታችም በላይም ሲታጠብ ይቀንሳል። ችግኝ የሚቆርጠውን ትል ለማጥፋት መደቡ አስቀድሞ ተቆፍሮ ለፀሐይና ለወፍ ይተው።

5ኛ፤ ስለ መርዝ ማስጠንቀቂያ

በእህል ውስጥ የሚጨመረው የፎስፊን ክኒን እርጥበት ሲያገኝ ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ ለዚህም ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ስለዚህ ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ክኒኑን መጠቀም ቤተ ሰብን በሞት አደጋ ላይ መጣል ነው። ዲዲቲም በ1993 ዓ.ም. በስቶክሆልም በተፈረመው የመንግሥታት ውል መሠረት ለእርሻና ለእህል የሚውል አይደለም። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ መርዝ እንዳይሸጥ ስለሚከለክል፣ ሹማምንት በየገበያው ያለ ስምና ያለ መመሪያ በብልቃጥ ተቀንሶ የሚሸጠውን ሊቆጣጠሩ ይገባል።

በመጨረሻም ይህ ትምህርት በቃል ብቻ ከተነገረ አይያዝም። ገበሬ ዓይቶ ያምናልና ሹሙም ባለ መሬቱም አስቀድሞ የራሱን ጎተራ ያጽዳ፤ ከመከር በፊትም ሕዝቡን ሰብስቦ ያሳይ። በነሐሴ ጎተራው ያልጎደለበት ገበሬ ዘሩን አይበደርም፤ እህሉንም በርካሽ አይጥልም።