የወረር ሱቅ ዋጋ ከየት ይጀምራል? የጅምላ ንግድ ታሪክ በአዋሽ ሸለቆ

ጆንያው ሲፈታ

እዚህ በአዋሽ ሸለቆ፣ መልካ ወረር ላይ አንድ ባለሱቅ የስኳር ጆንያ ሲፈታ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ግማሽ ግማሽ ኪሎ እየመዘነ በፌስታል ይቋጥራል። ጆንያውን የሰጠው አከፋፋይ ነው፤ አከፋፋዩ ደግሞ ከአዳማ ወይም ከአዲስ አበባ ጅምላ ነጋዴ ገዝቶታል። በየእርከኑ የመኪና ኪራይ፣ የጫኝና አውራጅ፣ የመጋዘንና የትርፍ ብር ይታከላል። ባለሱቁም ለአርብቶ አደሩ ፍየሉን እስኪሸጥ ድረስ በዱቤ ስለሚሰጥ፣ ገንዘቡ ታስሮ የሚቆይበት ጊዜ ዋጋው ውስጥ ይገባል። ኑሮ ተወደደ ሲባል የመጨረሻውን ሰው ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ባቡር ያመጣቸው ሱቆች

ይህን የዋጋ ሰንሰለት ወደ ኋላ እንከተለው። የጅቡቲ ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። የሸለቆው ከተማ አዋሽ ሰባት በጣቢያነት አደገች። የየመን ዓረቦች፣ ግሪኮችና አርመኖች በየከተማው ሱቅ ከፈቱ፤ የዓረብ ቤት ጨውም ስኳርም ጋዝም የሚገኝበት ደጅ ነበር።

መንግሥት ጅምላ ነጋዴ ሲሆን

በ1967 ዓ.ም. ደርግ ትልልቅ ድርጅቶችን ወረሰ። በሐምሌው የከተማ ቦታ አዋጅ የተደራጁት ቀበሌዎች ሱቅ ከፈቱ፤ ሸማቹ በካርድ ይሰለፍ ጀመር። የፋብሪካ ሸቀጡን የመንግሥት የጅምላ ድርጅት፣ ፍራፍሬና አትክልቱን ኢትፍሩት ያዙ።

ኢትፍሩት ለኛ ሸለቆ ልዩ ትርጉም አለው። የኑራ ኤራና የአዋራ መልካ የመንግሥት እርሻዎች ብርቱካን በአዋሽ ውኃ ያደገ ነበር። ድርጅቱ ምርቱን ከመንግሥት እርሻ ተረክቦ በራሱ ሱቆች ይቸረችር ስለነበር የደላላ እጅ ይቀንስ ነበር። የአዲስ አበባ ሰው ብርቱካን በርካሽ የለመደው በነዚያ ሱቆች ነው። ጅቡቲም ገበያው ነበረች። ይህ አሠራር ከዚያ ዘመን ሊወረስ የሚገባው ይመስለኛል፤ የካርድ ሰልፉን ግን ማንም አይናፍቀውም።

ከደርግ ወዲህ

ገበያው ከተከፈተ በኋላ ንግዱ በአብዛኛው ወደ መርካቶ ጅምላ ነጋዴዎች አጋደለ። መንግሥት በ2005 ዓ.ም. አለ በጅምላ የተባለውን የጅምላ መሸጫ ድርጅት አቋቋመ፤ በ2008 ዓ.ም. የጅምላ ድርጅቱን ጅንአድን፣ ኢትፍሩትንና የእህል ንግድ ድርጅትን በኢትዮጵያ ንግድ ሥራዎች ኮርፖሬሽን ሥር አዋሐደ። በ2016 ዓ.ም. መመሪያ ቁጥር 1001 ለኢትዮጵያውያን ብቻ ተከልሎ የነበረውን የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች ከፈተ።

ለወረርስ?

ከጅቡቲ የሚመጣው የጭነት መኪና በሚሌና በገዋኔ አድርጎ የኛን አካባቢ አቋርጦ ይሄዳል። ስንዴውና ዘይቱ መሐል አገር ይራገፍና እንደገና ተጭኖ ወደኛ ይመለሳል፤ ለሁለቱም ጉዞ የሚከፍለው የወረር ሸማች ነው። ንግዱ ለውጭ ባለሀብቶች መከፈቱ እዚህ የሚሰማው አንድ ጅምላ ነጋዴ መጋዘኑን አዋሽ ሰባት ላይ ተክሎ፣ የኛ ባለሱቅ ጠዋት ሄዶ ከሰዓት ጆንያውን ይዞ መመለስ ሲችል ነው።