“ነፃ” የተባለ ምስል ባለቤቱ ማን ነው?

አንድ ቡና ላኪ ድርጅት ለአዲሱ ዓመት ካላንደር ሊያሳትም አሰበ እንበል። ፎቶ አንሺ ቀጥሮ ይርጋ ጨፌ ድረስ መላክ የትራንስፖርት፣ የአበልና የአልጋ ወጪ አለው። በዚህም ሳቢያ የማስታወቂያ ሠራተኛው ዩቲዩብ ይከፍትና ቀይ የቡና ፍሬ የምትለቅም ሴት የምትታይበትን ቪዲዮ አቁሞ ምስሏን ይቀዳል። ከቪዲዮው ሥር “ክሪኤቲቭ ኮመንስ” የሚል ጽሑፍ ስላየም “ነፃ ነው” ብሎ ወደ ማተሚያ ቤት ይልከዋል። 3,000 ካላንደር ታትሞ ከተሠራጨ በኋላ የቪዲዮው እውነተኛ ባለቤት ብቅ ቢል ሂሳቡን የሚከፍለው ማን ነው?

ላኪው ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ያለባለመብቱ ፈቃድ ማባዛትን ከመከልከሉም በላይ፣ የሞራል ጉዳት ካሳ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ደንግጓል። ከፎቶ አንሺው አበል ጋር ማወዳደሩን ለአንባቢ እንተወው።

ዩቲዩብ ክሪኤቲቭ ኮመንስ የተባለውን ፈቃድ ማስተናገድ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በመግለጫው ውስጥ ስለዚህ ፈቃድ የተጻፈ ከሌለ ቪዲዮው በተራው የዩቲዩብ ፈቃድ የተጫነ ነው፤ ማየት እንጂ ቀድቶ ማተም አይቻልም። ጽሑፉ ካለ ደግሞ የባለቤቱን ስምና የፈቃዱን ዓይነት ጠቅሶ፣ ምስሉ ከቪዲዮ ተቆርጦ የተወሰደ መሆኑንም ገልጾ ለንግድ ጭምር መጠቀም ይቻላል። ክፍያው ገንዘብ ሳይሆን ስም መጥቀስ ነው ማለት ነው። ቪሜዮ ላይ ግን በዚሁ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ስም “ለንግድ አይውልም” ወይም “አይለወጥም” የሚሉ ፈቃዶችም ስላሉ ስሙን ብቻ አይቶ መቸኮል አይገባም።

ይሁንና ትልቁ አደጋ ሌላ ቦታ ነው። ፈቃዱን የሚመርጠው ቪዲዮውን የጫነው ሰው ራሱ ነው። ዩቲዩብ የሰውየውን ባለቤትነት መርምሮ የሰጠው የምስክር ወረቀት አይደለም። የተሰረቀ ሞባይል የሚሸጥ ሰው ደረሰኝ ቢቆርጥም ሞባይሉ ያው የተሰረቀ ነው። ከቴሌቪዥን ጣቢያ የተቀዳ ፊልም በራሱ ቻናል ጭኖ “ነፃ” የሚል ምልክት የሚለጥፍ ሞልቷል።

እንዴት ይለያል? በመጀመሪያ የቻናሉን ሌሎች ቪዲዮዎች ማየት ነው። ዛሬ እግር ኳስ፣ ነገ የሆሊውድ ፊልም፣ ከነገ ወዲያ የቡና እርሻ የሚጭን ከሆነ ካሜራ ይዞ እርሻ የወረደ ሰው መሆኑ ያጠራጥራል። በምስሉ ጥግ ላይ የጣቢያ ዓርማ ካለ፣ ወይም ዓርማው የነበረበት ቦታ ደብዝዞ ከታየ፣ ነገሩ አበቃ። ከዚያ የተቀዳውን ምስል ጉግል ላይ አስገብቶ ቀደም ሲል ሌላ ቦታ ወጥቶ እንደሆነ መፈለግ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ብዙ ደቂቃ አይወስድም።

የጫነው ሰው እውነተኛ ባለቤት ሆኖ ቢገኝስ? ምልክቱን ነገ ሊቀይረው ይችላል። አስቀድሞ በነፃ ፈቃዱ የወሰደ ሰው መብቱን አያጣም፤ ግን በምን ያስረዳል? ዊኪሚዲያ ኮመንስ የተሰኘው የምስል ክምችት ለዚህ ዘዴ አበጅቷል። ከዩቲዩብ የመጣን ምስል ፈቃድ አንድ የታመነ ተቆጣጣሪ በዓይኑ አይቶ ስሙንና ቀኑን ይመዘግባል። ነጋዴም ገጹን ቀኑ እንዲታይ አድርጎ ቀድቶ ከማተሚያ ቤቱ ደረሰኝ ጋር ፋይል ቢያደርገው ይበቃዋል።

ለቃሚዋ ግን ገና አልተጠየቀችም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለፈቃዱ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ለታዋቂ ሰዎችና ለሕዝባዊ ክንውኖች ልዩ ሁኔታ አለ፤ የላኪ ድርጅት ካላንደር ከዚያ ውስጥ የሚገባ አይመስልም። የቪዲዮው ባለቤት የሰጠው ነፃ ፈቃድ ደግሞ የእሷን አይተካም። ላኪው ወይ እሷን ፈልጎ ያስፈርማል፣ ወይ ፊት የማይታይበት፣ እጅና ቅርጫት ብቻ ያለበት ምስል ይመርጣል።