የሊኑክስ ሰው ፍሪቢኤስዲ ሰርቨር ሲረከብ፦ ኔትወርኩን ማስተካከልና ብልሽቱን መፈለግ

ፍሪቢኤስዲ ሊኑክስን ይመስላል እንጂ ሊኑክስ አይደለም። የመጀመሪያው እትሙ እ.ኤ.አ. በ1993 ከወጣ ጀምሮ በራሱ መንገድ ያደገ ሥርዓት ነው። ከሊኑክስ የመጣ ባለሙያ ቶሎ ግራ የሚጋባው ኔትወርኩ ላይ ነው፤ የለመደው «አይፒ» የሚለው ትእዛዝ እዚህ አይገኝም፣ «ኢቲኤች0» የሚባል ካርድም የለም።

ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ያለውን መዝግቡ። «አይኤፍኮንፊግ» ብላችሁ ጻፉ። ሊኑክስ ላይ ጊዜው አልፎበታል የሚባለው ይህ ትእዛዝ እዚህ ዋናው መሣሪያ ነው። የካርዱ ስም የሚወጣው ከድራይቨሩ ነው፦ የሪልቴክ ካርድ «አርኢ0»፣ የኢንቴል «ኢኤም0» ወይም «አይጂቢ0»፣ ቨርችዋል ማሽን ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ «ቪቲኔት0» ይባላል። ስለዚህ የተበላሸ ካርድ በሌላ ዓይነት ሲተካ ስሙም ይለወጣል፤ በድሮው ስም የተጻፈው አድራሻም ባለቤት ያጣል። ካርድ ከተቀየረ በኋላ ኔትወርክ ጠፋ ከተባለ መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ነው። በ«ኔትስታት -አርኤን» የሚወጣውንም የመንገድ ሠንጠረዥ ገልብጣችሁ አስቀምጡ።

ቀጥሎ አዲሱን አድራሻ በጊዜያዊነት ሞክሩ። ሰርቨሩ አጠገብ ካልሆናችሁና በኤስኤስኤች የገባችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ «ሻትዳውን -አር +15» በሉ። አድራሻው ባይሠራና ግንኙነቱ ቢቋረጥ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ሰርቨሩ ዳግም ተነሥቶ ወደ ድሮው ይመለሳል። ከ15 አታሳንሱት፤ በመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች ተራ ተጠቃሚ እንደ አዲስ መግባት አይችልም። ከዚያ «አይኤፍኮንፊግ ኢኤም0 ኢኔት 192.168.10.20/24» እና «ራውት አድ ዲፎልት 192.168.10.1» የሚሉትን በአንድ መስመር፣ በሴሚኮለን (;) ለይታችሁ አብራችሁ ስጡ። ለየብቻ ከሰጣችኋቸው ሁለተኛውን ሳትጽፉ ልትቆረጡ ትችላላችሁ።

አድራሻው ከሠራ የታዘዘውን ዳግም ማስነሣት በ«ፒኪል ሻትዳውን» ሰርዙት። እዚህ ላይ እጃችሁን ጠብቁ። ሊኑክስ ላይ «ሻትዳውን -ሲ» የታዘዘውን መዝጋት ይሰርዛል፤ ፍሪቢኤስዲ ላይ ግን ያው «-ሲ» የማሽኑን ኃይል አጥፍቶ መልሶ ማብራት ማለት ነው። ሥራ ላይ ባለ ሰርቨር እዚህ ላይ መሳሳት ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን አድራሻውን ቋሚ አድርጉ። ቦታው በኢቲሲ ማውጫ ያለው «አርሲ ዶት ኮንፍ» ፋይል ነው። ፋይሉ ራሱ የሼል ስክሪፕት ስለሆነ አንድ ያልተዘጋ ጥቅስ ሰርቨሩን በወጉ እንዳይነሣ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ በኤዲተር ከመክፈት ይልቅ «ሲስአርሲ» በሚለው ትእዛዝ ማስገባቱን አጥብቄ እመክራለሁ። የሚገቡት ሁለት ናቸው፦ የካርዱ አድራሻ እና «ዲፎልትራውተር»። የዲኤንኤስ ሰርቨሩ አድራሻ ደግሞ «ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ» ውስጥ ይጻፋል። «ሰርቪስ ኔቲፍ ሪስታርት» ሲባል ወደ ራውተሩ የሚወስደው መንገድ አብሮ ይጠፋል፤ «ሰርቪስ ራውቲንግ ሪስታርት» የሚለውን በዚያው መስመር አስከትሉ።

ግንኙነት ሲጠፋ ከታች ወደ ላይ ፈልጉ። «አይኤፍኮንፊግ» የሚያወጣው «ስታተስ» መስመር «ኖ ካሪየር» ካለ ጉዳዩ የኬብል ወይም የስዊች ነው፤ ፋይል መነካካት አያስፈልግም። «አክቲቭ» ካለ ራውተሩን ፒንግ አድርጉ። ካልመለሰ «ኤአርፒ -ኤ» ብላችሁ እዩ፤ ከራውተሩ አድራሻ ጎን «ኢንኮምፕሊት» ከተጻፈ ሁለቱ ጨርሶ አልተገናኙም፣ አድራሻውን፣ ኔትማስኩን ወይም የስዊቹን ቪላን መርምሩ። ራውተሩ መልሶ የውጭው ከጠፋ ሠንጠረዡ ላይ «ዲፎልት» የሚል መስመር መኖሩን አረጋግጡ። በቁጥር እየሠራ በስም ከቀረ ችግሩ ዲኤንኤስ ነው፤ «ድሪል» ወይም «ሆስት» በሚለው ትእዛዝ ፈትኑት።

አስቸጋሪው ፒንግ እየሠራ ትልቅ ፋይል ሲላክ የሚንጠለጠለው ነው። «ፒንግ -ዲ -ኤስ 1472» ብላችሁ የመዳረሻውን አድራሻ ጨምሩ። 1472 ባይት ከ28 ባይት ራስጌ ጋር 1500 ይሆናል፤ የተለመደው የኤተርኔት ጣሪያም ይኸው ነው። ይህ እምቢ ብሎ አነስ ያለው ካለፈ መሐል ላይ ጠባብ መንገድ አለ፤ ብዙ ጊዜ ቪፒኤን ነው። የካርዱን ኤምቲዩ ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩ።

ሁሉም ደህና ሆኖ አንዱ አገልግሎት ብቻ እምቢ ካለ «ሶክስታት -4ኤል» ማን በየትኛው በር እንደሚያዳምጥ ያሳያል። በ127.0.0.1 ብቻ የሚያዳምጥ ከሆነ ከውጭ ማንም አይደርስበትም፤ የአገልግሎቱን ቅንብር አስተካክሉ። ካልሆነ ፋየርዎሉ ይቀራል። ፍሪቢኤስዲ ሦስት ፋየርዎሎች ስላሉት የትኛው እንደበራ በ«ሰርቪስ -ኢ» እዩ። «ፒኤፍ» ከሆነ በ«ፒኤፍሲቲኤል -ዲ» ለአፍታ አጥፍታችሁ ፈትኑና ወዲያው በ«-ኢ» መልሱት። «አይፒኤፍደብልዩ»ን ግን በኤስኤስኤች ገብታችሁ ያለ ደንብ አትጫኑት፤ ሲጫን ሁሉንም የሚከለክል ስለሆነ እናንተኑ ውጭ ያስቀራችኋል።