ስለ ፀሐይ ኃይልና ስለ ቁጠባ

ፀሐይ በየማለዳው ትወጣለች። ለባለጠጋውም ለድኻውም ያለ ዋጋ ታበራለች። እህላችንን ታበቅላለች፤ ያጠብነውን ልብስ ታደርቃለች፤ ብርድ የመታውን ሽማግሌ ታሞቃለች። በዘመናችን ደግሞ ብርሃንዋ ወደ ኤሌክትሪክ ተለውጦ በሌሊት ቤታችንን ያበራልናል።

ይህ ጥበብ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1839 ዓ.ም. ኤድሞን ቤክሬል የሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ፣ ብርሃን ኤሌክትሪክን ሊያስነሣ እንደሚችል አስተዋለ። ከ115 ዓመት በኋላም፣ በ1954 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ አገር ቤል በሚባለው የምርምር ቤት የሚሠሩ ሦስት ሊቃውንት ከሲሊኮን የተሠራ፣ ለሥራ የሚበቃ መሣሪያ አሳዩ። ዛሬ በጣሪያ ላይ የሚቀመጠውን ሰሌዳ ሰዎች ሶላር ይሉታል። ሶላር የሚሠራው በፀሐይ ብርሃን እንጂ በሙቀትዋ አይደለም፤ እንዲያውም እጅግ ሲግል ኃይሉ ይቀንሳል።

አሁን አንድ ታሪክ እንናገር። በአዳማ ከተማ አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ። በየወሩ የሚከፍለው የመብራት ሒሳብ ከበደው። ስለዚህ በሁለት ዓመት ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ ሶላር ሊገዛ አሰበ። ሻጩም «ይህ ባለ 100 ዋት ሰሌዳ የቤትዎን ሥራ ሁሉ ይሠራልዎታል፤ እንጀራም ሳይቀር ይጋገርበታል» አለው። ሰውየው ማንበብ አያውቅም ነበርና ነገሩን አመነ። ነገር ግን ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ለልጁ አጫወታት።

ልጂቱ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ወደ ማድ ቤት ገብታ በኤሌክትሪክ ምጣዱ ላይ የተለጠፈውን ጽሕፈት አነበበች። «አባባ፣ ዋት ማለት አንድ መሣሪያ የሚፈልገው የኃይል ልክ ነው። ምጣዳችን 3500 ዋት ይፈልጋል። ሰሌዳው ግን ፀሐይ በበረታች ጊዜ እንኳ ከ100 ዋት አያልፍም። እንጀራ ለመጋገር እንዲህ ያለ ሰሌዳ 35 ሊያስፈልገን ነው» አለችው።

አባትየውም ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «ልጄ፣ ንባብሽ የሁለት ዓመት ድካሜን አዳነልኝ» አላት።

ልጂቱ ግን በዚህ አላቆመችም። ከአምፖሎቹ ላይ ያለውንም ቍጥር አነበበች። አምስቱም ባለ 60 ዋት ነበሩ። በአንድነት 300 ዋት ይሆናሉ፤ በየማታው አራት ሰዓት ሲበሩም 1200 ዋት ሰዓት ይፈጃሉ። ኤል ኢ ዲ የሚባሉት አምፖሎች ግን 10፣ 10 ዋት ይበቃቸዋል፤ ስለዚህ አምስቱ በአራት ሰዓት የሚፈጁት 200 ዋት ሰዓት ብቻ ነው። አባትየው ይህን ሰምቶ አስቀድሞ አምፖሎቹን ለወጠ።

ከዚያ በኋላ ያን ሰሌዳ ከነባትሪው ገዛ። ሰሌዳው ጥሩ ፀሐይ በዋለበት ቀን እስከ 400 ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣልና፣ ለአምስቱ አምፖሎችና ለሬዲዮው በቃ። አንድ ባለሙያም የዛፍ ጥላ በማያገኘው ቦታ፣ ወደ ደቡብ ጥቂት አዘንብሎ፣ በጣሪያው ላይ አጥብቆ አሰረው። አባትየው አቧራውን በማለዳ፣ ሰሌዳው ሳይግል፣ በእርጥብ ጨርቅ እንዲጠርግ አስተማረው። ልጆችን ግን ወደ ጣሪያ እንዳይወጡ፣ ሽቦውንም እንዳይነኩ አስጠነቀቃቸው።

ምጣዱ እንደ ቀድሞው በከተማው መስመር መሥራቱን ቀጠለ። እናትየው ግን ምጣዱን በየቀኑ ከማጋል ይልቅ የብዙ ቀን እንጀራ በአንድ ጊዜ መጋገር ጀመረች። ክረምት ገብቶ ደመና ሲበዛም ባትሪው ቶሎ ይደክም ነበርና፣ ቤተ ሰቡ ሰው የሌለበትን ክፍል መብራት ማጥፋት ለመዱ።

በወሩ መጨረሻ ልጂቱ የሒሳቡን ወረቀት አነበበች፤ ክፍያው ቀንሶ ነበር። እርስዋም እንዲህ አለች፦ «አባባ፣ ለመብራት በየማታው ከምናጠፋው 1200 ውስጥ፣ አምፖሎቹን በመለወጥ 1000 አዳንን። ፀሐይ የሰጠችን የቀረውን 200 ነው። እንግዲህ ቁጠባ ከሶላሩ አምስት እጥፍ ጠቀመን።»

ልጆች ሆይ፣ አዲስ ነገር መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚያባክን ሰው ፀሐይን በጣሪያው ላይ ቢያስቀምጥ እንኳ አትበቃውም። አስቀድማችሁ አንብቡ፤ ቍጠሩ፤ ቆጥቡ፤ ከዚያ በኋላ ግዙ። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ስለዚህ ነው።

ጥያቄ።
፩ ልብስ ሰፊው ገንዘቡን ከመክሰር የዳነው በምን ምክንያት ነው?
፪ ባለ 100 ዋት ሰሌዳ እንጀራ ሊጋግር የማይችለው ስለ ምንድን ነው?
፫ በቤታችሁ ያሉትን አምፖሎች ቍጥር አንብባችሁ ደምሩ። በአራት ሰዓት ምን ያህል ይፈጃሉ?