ዕጢ፣ የደም ሥርና የምንመገበው ዘይት

እኛ የሳይንስ ክበብ አባላት ዘንድሮ ለመጽሔታችን የመረጥነው ጥያቄ በብዙ ቤት የሚነሳ ነው፦ የምንመገበው ቅባት የካንሰር ዕጢን ሊያሳድግ ወይስ ሊገታ ይችላል? መልሱን ለመረዳት ከደም ሥር እንጀምር።

ማንኛውም ሕዋስ ኦክስጅንና ምግብ የሚያገኘው ከደም ነው፤ የካንሰር ዕጢም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዶክተር ጁዳ ፎክማን፣ ዕጢ አዲስ የደም ሥር ካላገኘ ከ1 ወይም ከ2 ሚሊ ሜትር እምብዛም አያልፍም የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በኋላ እንደታወቀው፣ ኦክስጅን ያጠረው ዕጢ ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. የተባለ ፕሮቲን ያመነጫል። ፕሮቲኑም በአቅራቢያው ያሉ የደም ሥሮች ወደ ዕጢው ቅርንጫፍ እንዲያወጡ ያደርጋል። ይህን ፕሮቲን የሚያግደው ቤቫሲዙማብ የተባለ መድኃኒት በ2004 በአሜሪካ ለትልቁ አንጀት ካንሰር ተፈቅዷል።

የቅባት ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሰውነታችን ራሱ ሊሠራቸው የማይችል፣ ከምግብ ብቻ የሚያገኛቸው ሁለት የስብ አሲድ ወገኖች አሉ፤ ኦሜጋ 6 እና ኦሜጋ 3። የኑግ፣ የሱፍና የበቆሎ ዘይት በኦሜጋ 6፣ ተልባና ቅባት ያለው ዓሣ ደግሞ በኦሜጋ 3 የበለጸጉ ናቸው። ከኦሜጋ 6 አራኪዶኒክ አሲድ ይገኛል፤ ኮክስ 2 የተባለ ኢንዛይም ደግሞ ከእርሱ ፕሮስታግላንዲን ኢ2 እንዲሠራ ያደርጋል። ይህም ዕጢው ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. እንዲያበዛ ይገፋፋል። በዓሣ ውስጥ ያለው ኦሜጋ 3 ያንኑ ኢንዛይም ስለሚሻማ የፕሮስታግላንዲኑ መጠን ይቀንሳል። በቤተ ሙከራም የዓሣ ዘይት በተመገቡ አይጦች ዕጢ ላይ ያነሰ የደም ሥር ታይቷል።

ነገር ግን አይጥ ሰው አይደለም። ቫይታል በተባለው የአሜሪካ ጥናት 25,871 ሰዎች ተሳትፈው፣ ገሚሶቹ በቀን 1 ግራም ኦሜጋ 3፣ ገሚሶቹ ደግሞ መድኃኒትነት የሌለው ማስመሰያ እንክብል ለአምስት ዓመት ያህል ወሰዱ። በካንሰር በተያዙት ሰዎች ቁጥር ላይ ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። ጥናቱ የፈተነው መከላከልን እንጂ ሕክምናን አይደለም፤ ሆኖም ከአይጥ ወደ ሰው ያለው መንገድ ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ ያሳያል።

ይህን የምንጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው ሲታመም «መድኃኒቱን ተዉት፤ ተልባ በጥብጣችሁ ስጧት» የሚል ምክር በየቡናው ይሰማል። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ቢሆንም አደገኛ ነው። አዲሱ የደም ሥር ለዕጢው ምግብ ማመላለሻ ብቻ ሳይሆን፣ የካንሰር ሕዋስ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሚሄድበት መንገድም ነውና፣ ሕክምና ሳይጀመር የሚያልፍ እያንዳንዱ ወር ዋጋ ያስከፍላል።

ስለዚህ ውድ ወላጆቻችን፣ ተልባውም ዓሣውም ከማዕዳችን አይጥፋ፤ ኑጉንም እንደ መርዝ አንፍራው፣ ኦሜጋ 6 ለሰውነት አስፈላጊ ነውና። የታመመ ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። የዓሣ ዘይት እንክብል መውሰድ ከፈለገም ሐኪሙን ይጠይቅ። ምግብ ሰውነትን ያግዛል እንጂ ሕክምናን አይተካም።